ማለቂያ የሌለው ሜዳ፦ እንከን ስላለባቸው አኒሜዎች ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከአራት ሰው ደረሰኝ። አኒሜ፣ ማለትም የጃፓን አኒሜሽን፣ እንደምወድ የሚያውቁ ጓደኞቼ «ይህን አየህ ወይ?» እያሉ ላኩልኝ። አየሁት። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነው። ጸሐፊው ብዙ አኒሜ እንዳዩም ያስታውቃል። በዋናው ሐሳባቸው ግን አልስማማም። ዝም ብዬ ላልፈው ሞክሬ ነበር፣ አልሆነልኝም።

ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። እንከን ያለባቸውን አኒሜዎች ማየት ጊዜ ማባከን ነው ይላሉ። አምስት ምክንያት ይቆጥራሉ። የእግር ኳሱን ካፕቴን ማጂድንና መሰሎቹን ከእውነታ የራቁ ናቸው ይላሉ። እነ ኮድ ጊያስና ሶርድ አርት ኦንላይን ታሪካቸው ቀዳዳ የበዛበት ነው ይላሉ። ድራጎን ቦል ዚና ናሩቶ ነገር ያንዛዛሉ፤ ሥዕላቸው የተበላሸባቸው ክፍሎችም ሞልተዋል፤ ሰው እነዚህን የሚወደው በልጅነት ትዝታ ብቻ ነው። መግቢያቸው ላይ «አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ» የሚለውን ተረት አስቀምጠዋል። በየተራ እመልሳለሁ። የምስማማበትም ነገር አለ፣ አልደብቀውም። ኮድ ጊያስን ያላያችሁ ተጠንቀቁ፣ አንድ ትልቅ ነገር እገልጣለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በካፕቴን ማጂድ ልጀምር፤ ጸሐፊው ከሁሉ በላይ የሳቁበት እሱ ነውና። ተጫዋቹ ኳስ ይዞ ይሮጣል፣ ይሮጣል፣ ሜዳው አያልቅም ይላሉ። ጎሉ ከአድማስ ሥር እንደ ጠዋት ፀሐይ ቀስ ብሎ ብቅ ይላል። ልጁ ኳስ እየገፋ የሕይወት ታሪኩን በሙሉ ያስታውሳል። ኳሷ ስትመታ እንደ እንቁላል ሞላላ ትሆናለች። መንትዮቹ ወንድማማቾች አንዱ በሌላው እግር ተወንጭፎ ሰማይ ይነካል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። አንዱንም አልክድም።

እኔ ያየሁበትን ቤት ግን ልንገራችሁ። በሰፈራችን ዲሽ የነበረው አንድ ቤት ብቻ ነበር። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ቦርሳችንን እንኳ ሳናወርድ እዚያ እንሄዳለን። ደጃፉ ላይ ጫማችንን አውልቀን ምንጣፉ ላይ እንደረደራለን። የምናየው እስፔስቱን የሚባል የልጆች ጣቢያ በዐረብኛ ነው የሚያወራው። ከመካከላችን ዐረብኛ የሚያውቅ አልነበረም። የቤቱ ትልቋ ልጅ ግን ቤይሩት ሠርታ የተመለሰች ነበረች። ቡና እየቆላች፣ ዓይኗን ከምጣዱ ሳታነሳ ትተረጉምልናለች። «ኳስ ጓደኛዬ ናት እያለ ነው» ትለናለች። «እግሩን አሞታል፣ ግን ለአሠልጣኙ አልናገርም እያለ ነው» ትለናለች። ማጂድ ሊመታ እግሩን ወደ ኋላ ሲያነሳ የዕለቱ ክፍል ያልቃል። በቡናው ጢስ መሀል ዐሥር ልጅ እኩል «ኧረ!» ይላል። ቀጣዩ ነገ ነው። ማታ እራት ላይ፣ ጠዋት ሰልፍ ላይ፣ ወሬያችን ኳሷ ገባች አልገባችም ነበር።

ያ ሜዳ በልኩ ቢሣል ኖሮ ማጂድ በዐሥራ አምስት ሰከንድ ጎሉ ጋ ይደርስ ነበር። እኛም «ኧረ!» አንልም ነበር። ኳስ የተጫወተ ሁሉ ያውቀዋል። ብቻህን ኳስ ይዘህ፣ ከኋላህ የሚሮጠውን ልጅ ትንፋሽ እየሰማህ ወደ ጎል ስትሄድ ሜዳው ይረዝምብሃል። ጎሉ ይርቅሃል። ያለፈው ሳምንት ስህተትህ፣ የአባትህ ቁጣ፣ ሁሉም በዚያች ቅጽበት ጭንቅላትህ ውስጥ ይመላለሳል። ሠዓሊዎቹ የሣሉት ይህንን ነው። ጸሐፊው ሜዳውን በሜትር ለኩት። በልጁ ልብ ምት ቢለኩት ኖሮ ልክ ሆኖ ያገኙት ነበር።

ጸሐፊው «ከእውነታ ስለራቀ ለእግር ኳስ የሚጠቅመው ነገር የለም» ብለው ማለፋቸው ደግሞ በእውነት አስገርሞኛል። በጃፓን ስሙ ካፕቴን ጹባሳ ነው። ደራሲው ዮይቺ ታካሃሺ የ1978ቱን የአርጀንቲና የዓለም ዋንጫ በቴሌቪዥን አይቶ ነው በእግር ኳስ ፍቅር የወደቀው። ማንጋውን፣ ማለትም በሥዕል የሚተረከውን መጽሐፍ፣ በ1981 ጀመረ። አኒሜው ከ1983 እስከ 1986 በ128 ክፍሎች ታየ። ያኔ የጃፓን ልጆች ጨዋታ ቤዝቦል ነበር። ፕሮፌሽናል የእግር ኳስ ሊግ እንኳ አልነበራቸውም። ጄ ሊግ የጀመረው በ1993 ነው። ለዓለም ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለፉት ለ1998ቱ ነው። በዚያ ትውልድ ካደጉት ተጫዋቾች ብዙዎቹ ያን ተከታታይ እያዩ ነው ኳስ የጀመሩት። ከጃፓን ውጭም እንደዚያው ነው። በስፔን «ኦሊቨርና ቤንጂ» በሚል ስም ታይቷል። የስፔኑ አጥቂ ፈርናንዶ ቶሬስ በልጅነቱ እሱን እያየ ኳስ እንደጀመረ በይፋ ተናግሯል። ቶኪዮ ውስጥ ደራሲው ባደገበት በካፁሺካ የጹባሳ ሐውልት ቆሟል። ማለቂያ የሌለው ሜዳ ይህን ሁሉ ልጅ ወደ እውነተኛው ሜዳ አውጥቷል።

አሁን ወደ ኮድ ጊያስ። እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ የጸሐፊው ክስ ከሁሉም ጠንከር ያለበት እዚህ ነው።

ላላዩት ባጭሩ። ብሪታኒያ የሚባል ኢምፓየር ጃፓንን ወርሯል። የአገሪቱን ስም ነጥቆ «ኤሪያ 11» ብሏታል። ሕዝቡም ጃፓናዊ መባሉ ቀርቶ በቁጥር ይጠራል። ከቤተ መንግሥት የተጣለው ልዑል ሌሉሽ ጊያስ የሚባል ኃይል ያገኛል። ዓይን ለዓይን የተያየውን ሰው የፈለገውን ያዝዘዋል፣ ለአንድ ሰው ግን አንድ ጊዜ ብቻ። ጭምብል አጥልቆ፣ ዜሮ ተብሎ አመፅ ይመራል። የሰንራይዝ ስቱዲዮ ሥራ ነው። ዳይሬክተሩ ጎሮ ታኒጉቺ ነው። በ2006 ጀምሮ በ2008 አለቀ። ሁለት ሲዝን፣ በጠቅላላው 50 ክፍል።

የመጀመሪያው ክስ «ታሪኩ በአጋጣሚ ላይ የቆመ ነው» የሚል ነው። ማስረጃቸው የመጀመሪያው ሲዝን 22ኛ ክፍል ነው። የሌሉሽ የአባቱ ልጅ የሆነችው ልዕልት ዩፌሚያ ለጃፓናውያን ስማቸውን የምትመልስበት ልዩ አስተዳደር ልታቋቁም ነው። ሕዝቡ ስታዲየም ሞልቷል። ሌሉሽ ሊያከሽፍ መጥቶ በቅንነቷ ይረታል። እጁን ይሰጣታል። ከዚያ ስለ ኃይሉ ሲያስረዳት፣ እንደ ቀልድ፣ «ጃፓናውያንን ግደዪ ብልሽ እንኳ እሺ ትያለሽ» ይላታል። በዚያች ቅጽበት ኃይሉ ከቁጥጥሩ ወጣ። ቀልዱ ትእዛዝ ሆነ።

ጸሐፊው «ከሰማይ የወረደ አጋጣሚ» ይሉታል። ይህ ውሃ አያነሳም። ከ14ኛው እስከ 16ኛው ክፍል ማኦ የሚባል ሰው መጥቶ ነበር። የእሱ ጊያስ የሰው ሐሳብ መስማት ነው። ኃይሉን ማጥፋት ስላቃተው የሰው ሁሉ ሐሳብ ቀን ከሌት ይጮህበታል። ጆሮው ላይ ማዳመጫ አጥልቆ የሚወዳትን፣ ሲ ሲ የምትባለውን ሴት ድምፅ ብቻ እየሰማ ነው የሚኖረው። ጊያስ በተጠቀሙበት ቁጥር እየበረታ አንድ ቀን ከባለቤቱ እንደሚያመልጥ ያኔ ተነግሮናል። ሌሉሽም አይቷል። ተመልካቹም አይቷል። ሁላችንም ረሳን። ያ መርሳት ነው 22ኛውን ክፍል እንዲህ የሚያስጨንቀው።

ቅጽበቱ በጣም ተመቻችቶ መምጣቱን ግን እቀበላለሁ። ከሁሉም ቀን ያን ቀን፣ ከሁሉም ቃል ያን ቃል። ደራሲው እጁን አስገብቷል። ቢሆንም ያን ትዕይንት ሳየው እጁን ለማየት ጊዜ አላገኘሁም። ዩፌሚያ «አልፈልግም» እያለች ራሷን ታቅፋ ትንቀጠቀጣለች። ዓይኗ ይቀላል። ከዚያ መንቀጥቀጡ ያቆማል። በፈገግታ ወደ ሕዝቡ ትወጣለች። እዚያ የተሰበሰቡትን ጃፓናውያን በትሕትና፣ እንደ መልካም አስተናጋጅ፣ እንዲሞቱ ትለምናቸዋለች። ከዚያ ወታደሮቹን ታዝዛለች። ሌሉሽ «አይሆንም» እያለ ከኋላዋ ይሮጣል። ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ቃሉን ሊሽረው አይችልም። ሕጉ ከመጀመሪያው ክፍሎች ጀምሮ ተነግሮናል። አሁን ገመድ ሆኖ አነቀው። የሰዓቱ መገጣጠም ጎድሎት ሊሆን ይችላል። የተከተለው ሐዘን ግን አንድም የጎደለው ነገር የለም።

ሁለተኛው ክስ ቀልድና እልቂት በአንድ ድስት ይቀቅላል የሚል ነው። 6ኛው ክፍል ላይ አንዲት ድመት የዜሮን ጭምብል ሰርቃ ትሮጣለች። ትምህርት ቤቱ በሙሉ ይከተላታል። ጸሐፊው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጠው ማየት እንዳቆሙ ራሳቸው ጽፈዋል። የ22ኛውን ክፍል ታሪክ ያወቁት ሰው ነግሯቸው ነው ማለት ነው። 21ኛውን ክፍል ደግሞ ጨርሶ አላነሱትም። በ21ኛው ክፍል የትምህርት ቤቱ በዓል ነው። ተማሪዎቹ በዓለም ትልቁን ፒዛ ሊጋግሩ የጦር ሮቦት ተጠቅመው ሊጥ ያሽከረክራሉ። ዩፌሚያ ባርኔጣ አድርጋ ሰው እንዳያውቃት ተደብቃ መጥታለች። ትስቃለች። ያን ልዩ አስተዳደር ለዓለም ያወጀችው እዚያው፣ በዚያ ግርግር መሀል ነው። ቀጣዩ ክፍል እልቂቱ ነው። ፒዛው ባይኖር ዩፌሚያ ለእኔ ስሟን የማውቃት ልዕልት ብቻ ነበረች። ፒዛው ስላለ እንደ ሰፈር ልጅ ነው የማውቃት።

ሦስተኛው ክስ ላይ እጄን አነሳለሁ። ሁለተኛው ሲዝን ሲጀምር ታሪኩ ወደ ኋላ ተመልሶ ራሱን ይደግማል። ምክንያቱ ይታወቃል። የመጀመሪያው ሲዝን የሌሊት ፕሮግራም ነበር። ሁለተኛው ወደ እሑድ ከሰዓት በኋላ ተዛወረ። አዲስ ተመልካች ስለሚመጣ መነሻውን እንደገና ማስተዋወቅ ግድ ሆነ። ቀድሞ ለምናውቀው አሰልቺ ነው። እኔም በእነዚያ ክፍሎች ስልኬን አንስቻለሁ። የመጨረሻውን ክፍል ግን ያየ ሰው ለዚያ መንገድ ይቅርታ ያደርጋል። ምን እንደሚሆን አልናገርም።

በሶርድ አርት ኦንላይን ላይ ከጸሐፊው ጋር ግማሽ በግማሽ ነኝ። ዐሥር ሺህ ሰው አንድ ጨዋታ ውስጥ ይታሰራል። ጨዋታው ውስጥ የሞተ በእውነትም ይሞታል። መውጫው መቶ ፎቅ መውጣት ነው። ጸሐፊው «ታሪኩ ይዘላል፣ ፎቆቹ የት ገቡ?» ብለው ጠይቀዋል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱ አሠራሩ ውስጥ አለ። ደራሲው ሬኪ ካዋሃራ ታሪኩን በ2002 ለአንድ የልብ ወለድ ውድድር ነው የጻፈው። ከተፈቀደው ገጽ ስለበለጠበት ሳያስገባው ቀርቶ በድረ ገጹ ላይ አወጣው። ያ የመጀመሪያው መጽሐፍ በዋናነት የሚተርከው ታሪኩ የሚያልቅባቸውን ፎቆች፣ 74ኛውንና 75ኛውን ነው። በመሀል ያሉት ታሪኮች በኋላ ለየብቻ የተጻፉ አጫጭር ናቸው። በ2012 አኒሜው ሲሠራ ሁሉንም በጊዜ ቅደም ተከተል ደረደራቸው። ስለዚህ ይዘላል። ስፌቱ ይታያል።

ከእነዚያ አጫጭር ታሪኮች አንዱ ግን 3ኛው ክፍል ነው። ጸሐፊው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው ያለፉት። ዋናው ገጸ ባሕርይ ኪሪቶ ጎበዝነቱን ደብቆ ከደካማ ቡድን ጋር ይቀላቀላል። ሳቺ የምትባል ፈሪ ልጅ አለች። ሌሊት ድልድይ ሥር ተደብቃ ያገኛታል። «አትሞቺም» ይላታል። ትሞታለች፤ ከነጓደኞቿ፣ እሱ ዓይኑ እያየ። በገና ሌሊት የሞተ የሚያስነሳ ዕቃ ለማግኘት ብቻውን ከጭራቅ ጋር ይዋጋል። ያገኘዋል። ዕቃው የሚሠራው ግን ሰው በሞተ በዐሥር ሰከንድ ውስጥ ብቻ ነው። ቤቱ ሲመለስ ሳቺ ከመሞቷ በፊት ቀድታ ያስቀመጠችለት መልእክት በሰዓቱ ደረሰው። ጎበዝነቱን ታውቅ ነበር። እንደምትሞትም ጠርጥራለች። የቀረ ጊዜ ስላለ ብላ የገና መዝሙር ታንጎራጉርለታለች። ያ አንድ ክፍል ከነፍጥነቱ፣ ከነስፌቱ፣ አልቅሼበታለሁ። ብዙ እንከን የለሽ የተባሉ ተከታታዮች አላስለቀሱኝም።

ከ15ኛው ክፍል ጀምሮ ያለውን ግን አልከላከልም። እስከዚያ ድረስ ሰይፍ ይዛ ፊት ለፊት የምትዋጋውን አሱናን እንደ ወፍ በፍርግርግ ቤት ውስጥ ቆልፈዋታል። የሚያሠቃያት ሰው የሚያደርገውን ማየት ያሳፍራል። እዚህ ላይ ጸሐፊው የጻፉትን ሁሉ እፈርማለሁ። ለሚጠይቁኝ ሰዎችም 14ኛው ላይ አቁሙ ነው የምላቸው።

ማንዛዛትን በተመለከተ ብዙ አልልም። ድራጎን ቦል ዚ ላይ ክፉው ፍሪዛ «ናሜክ (የሚዋጉባት ፕላኔት) በአምስት ደቂቃ ውስጥ ትፈነዳለች» ካለ በኋላ ዐሥር ያህል ክፍል ይሄዳል። የቀልድ መነሻ ሆኗል። ምክንያቱ አኪራ ቶሪያማ ማንጋውን በየሳምንቱ እየሣለ፣ አኒሜው እግር በእግር ይከተለው ስለነበር ነው። ደራሲውን መቅደም አይችልም። መቆምም አይችልም። ስለዚህ ይጎትታል። የቸኮለ በ2009 የጀመረውን ካይ የተባለውን አጭር ቅጂ ይይ። የናሩቶ ፊለሮችንም፣ ማንጋው ላይ የሌሉትን የመሙያ ክፍሎች፣ ዝለሏቸው። እኔም ዘልያለሁ፣ ምንም አልጎደለብኝም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ያ የሳምንት ጥድፊያ ሁልጊዜ ጉዳት አይደለም። የድራጎን ቦል ዋና ተዋጊ ጎኩ ኃይሉ ጨምሮ ሱፐር ሳያን ሲሆን ፀጉሩ ወርቃማ ይሆናል። ቶሪያማ ምክንያቱን ራሱ ተናግሯል። ጥቁር ፀጉሩን በየገጹ በቀለም መሙላት የረዳቱን ጊዜ ይፈጅ ነበር። በጥቁርና ነጭ ማንጋ ላይ ወርቃማ ማለት ባዶ መተው ነው። ድካም ለመቀነስ የተደረገ ነገር ነው። ዛሬ አኒሜ አይቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ያን ፀጉር ያውቀዋል።

ይህ ወደ ሥዕሉ ጉዳይ ይወስደኛል። ጸሐፊው በጣም የተሳሳቱት እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጽሑፋቸው ላይ ስለ ናሩቶ ሺፑደን 167ኛ ክፍል ያነሳሉ። ናሩቶና ጠላቱ ፔን የሚዋጉበት ነው። አቁመው ያነሷቸውን ምስሎች ይገልጻሉ። የፔን ፊት እንደ ላስቲክ ተለጥጧል። አፉ አንድ ቦታ፣ ዓይኑ ሌላ ቦታ። «ሕፃን የሣለው ይመስላል» ይላሉ። እነዚያን ምስሎች የእህቴ ልጅም በስልኳ ላይ ይዛቸው መጣች። 14 ዓመቷ ነው። በሳቅ እየፈረሰች አሳየችኝ። ክፍሉን አብረን እንየው አልኳት።

ባለፈው ክፍል የምትወደው ሂናታ ናሩቶን ልታድን ገብታ ፊቱ ወድቃለች። ናሩቶ ራሱን ስቷል። ስድስት ጅራት ያወጣ አውሬ ሆኗል። 167 ሲጀምር አውሬው ይሮጣል። ምድሩ ከእግሩ ሥር እንደ ጨርቅ ይጨማደዳል። ፔን ይሸሻል። ፊቱ ሲለጠጥ፣ ሲጨማደድ፣ ሲጣመም አየን። ግን ቆሞ አይደለም፣ በሩጫ ውስጥ ነው። ለዐይን ጥቅሻ ይታይና ያልፋል። አጥንት የሌለው ነገር ይመስላል፣ እንደ ውሃ ይፈስሳል። የእህቴ ልጅ መሳቁን ረሳችው። ቁጣ ምን እንደሚመስል የሚሣል ሰው አፍንጫን በቦታው ስለማስቀመጥ አይጨነቅም። አንድ ሥዕል ነጥሎ አውጥቶ «ተበላሸ» ማለት ከእስክስታ መሀል አንድ ፎቶ አንስቶ «አንገቷ ተሰብሯል» እንደ ማለት ነው።

ጸሐፊው የሚቀጥሉት የቆሙ ሥዕሎችን በመክሰስ ነው። ኢቫንጌሊዮን በ1995 ነው የጀመረው፣ የጋይናክስ ስቱዲዮና የሂዴያኪ አኖ ሥራ። 22ኛው ክፍል ላይ የማይዋደዱት ሁለት ልጃገረዶች አሱካና ሬይ አሳንሰር ውስጥ ቆመዋል። ለአንድ ደቂቃ ገደማ ምንም አይንቀሳቀስም። ያንኑ አንድ ሥዕል ነው የምናየው። የሚሰማው የአሳንሰሩ ድምፅ ብቻ ነው። ጸሐፊው «ገንዘብና ጊዜ ስላጠራቸው» ይላሉ። ይሁን። ስቱዲዮው ወደ መጨረሻው በጊዜ መጨነቁ የታወቀ ነው። ግን እስቲ ከማትወዱት ሰው ጋር አሳንሰር የገባችሁበትን ቀን አስታውሱ። ቁጥሩን እያያችሁ፣ መናገርም ዝም ማለትም ከብዷችሁ። ያች ደቂቃ በእንቅስቃሴ ብትሞላ ኖሮ ያ ክብደት አይኖርም ነበር። ማጠሩን ወስደው ትርጉም ሰጡት።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ክፍሎች ደግሞ ታሪኩን ትተው ወደ ዋናው ገጸ ባሕርይ፣ ወደ ልጁ፣ ጭንቅላት ይገባሉ። ጥያቄዎቻችን አልተመለሱም። በጊዜው የተናደደው ተመልካች ብዙ ነበር። በ1997 ሌላ መጨረሻ በፊልም ተሠራ። እኔ ሁለቱንም እወዳለሁ። የቴሌቪዥኑ መጨረሻ ጎዶሎ ነው፣ ግን ራሱን ለሚጠላ ልጅ የሚናገረው ነገር አለ። በ17 ዓመቴ ሰምቼዋለሁ።

ይህ ችግር ከአኒሜ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ኦሳሙ ቴዙካ በ1963 አስትሮ ቦይን በየሳምንቱ ለቴሌቪዥን ማቅረብ ሲጀምር በቂ ገንዘብም በቂ ሰውም አልነበረውም። የሥዕሎቹን ቁጥር ቀነሰ። አፍ ብቻ አንቀሳቀሰ። አንዴ የተሣለውን ደጋግሞ ተጠቀመ። ከዚያ በኋላ የመጡት ዳይሬክተሮች በዚያ ችግር ውስጥ ነው ቋንቋቸውን ያገኙት። ቆሞ የሚቀር ፊት፣ ረጅም ዝምታ፣ በድምፅ ብቻ የሚነገር ትዕይንት። ጸሐፊው የጠቀሱትን ተረት እወደዋለሁ፣ እዚህ ግን ቦታው አይደለም። በሬ ተውሶ፣ ከዝናቡ ጋር እየተሽቀዳደመ የሚያርስ ገበሬ አለባብሶ አረሰ አይባልም። በዚያች ቀን ሊታረስ የሚችለውን አርሷል።

ትዝታ ነው የሚለው ቀርቷል። ለካፕቴን ማጂድ እውነት ሊሆን ይችላል። የቡናው ሽታ እንዳለበት አልክድም። የእህቴ ልጅ ግን ምን ትዝታ አላት? ኮድ ጊያስ ሲያልቅ አልተወለደችም። በስልኳ ነው ያየችው፣ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ፣ ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ። 22ኛውን ክፍል የጨረሰች ዕለት ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ደወለችልኝ። ሰው የሞተ መስሎኝ ደንግጬ አነሳሁ። «ቀልድ እኮ ነበር» አለችኝ። «ቀልዱን እኮ ነው»። ሌላ ቃል አልወጣትም። እኔም ምን እንደምላት አላወቅኩም። ዝም ብለን ስልኩን ይዘን ቆየን። የታሪኩን ቀዳዳ የማታይ ልጅ አይደለችም፤ የሲዝን ሁለትን መጀመሪያ ከእኔ በላይ ነው የምትነቅፈው። በመጨረሻ ግን ሁለት ጊዜ አይታዋለች።

ጊዜያችን አጭር ነው፣ ምርጦቹን ብቻ እንይ የሚለውን ሐሳብ እረዳለሁ። ጸሐፊው ባለ ሥራ ሰው መሆናቸውን ጽፈዋል። እኔም ነኝ። እሳቸው ያቆሙት 6ኛው ክፍል ላይ ነው፣ ድመቷ ጋ። እስከ 22ኛው 16 ክፍል ይቀራቸዋል። እያንዳንዱ ከሃያ ደቂቃ ትንሽ ይበልጣል። በሁለት እሑድ ያልቃል። ማኦ ሲመጣ ጆሮው ላይ ያጠለቀውን ነገር ልብ ይበሉልኝ፣ 21ኛውን ክፍል እንዳይዘልሉት። ከዚያ በኋላም «አይረባም» የሚሉ ከሆነ ይጻፉ። በደስታ አነበዋለሁ።